ስለ ስቴፐር ሞተርና ስለ «ያቃጠለ ይክፈል» ደንብ

በኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራችን በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያላነበበ የምሕንድስና ተማሪ አይኖርም። ቃሉ አጭር ነው፤ ዕቃ ያቃጠለ ይክፈል ይላል። የሕዝብ ንብረት ነውና ያጠፋ ይጠየቅ የሚለውን አሳብ በመሠረቱ የምንነቅፍ አይደለንም። ዕቃው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ፣ ሲጠፋም ቶሎ የማይተካ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ደንብ የሚመዘነው በሚያስከትለው ሥራ ነውና፣ ይህ ደንብ በቤተ ሙከራው ውስጥ ምን እንዳስከተለ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን በግልጥ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ያስከተለው ይህ ነው። ስድስት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማሉ። ሽቦውን የሚያገናኘው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የራሱን ቴስተር ከቤቱ ይዞ የመጣው፣ ወይም ቢቃጠልበት አባቱ የሚከፍልለት ነው። ሁለቱ በትከሻው ላይ አሻግረው ያያሉ፤ አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ የቀሩት ሪፖርት ይጽፋሉ። ሪፖርት ጻፊዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኅቶቻችን ናቸው፤ ይህ በአጋጣሚ የሆነ የሚመስለው ሰው ካለ በሚቀጥለው ሳምንት ገብቶ ይቍጠር። ከገጠር የመጣው፣ የያዘው ገንዘብ ለሻይና ለፎቶ ኮፒ እንኳ የማይበቃው ወንድማችን እጁን ወደ ሽቦው ሲሰድ አይታይም። ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው።

ነገሩን በአንድ ሙከራ ብናየው ይሻላል። የምንወስደውም የስቴፐር ሞተርን ሙከራ ነው፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለውም፣ ብዙ ክፍያ የሚጠየቀውም በዚሁ ነውና። ከሕግ፣ ከሥነ ጽሑፍና ከንግድ ክፍል ያላችሁ አንባብያን ነገሩ እንዳይርቃችሁ ሞተሩ ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ እንግለጥ። ተራ ሞተር ኤሌክትሪክ ከሰጡት እስኪከለከል ድረስ ይዞራል። ስቴፐር ሞተር ግን በእርምጃ ነው የሚሄደው፤ የተለመደው ዓይነት አንድ ዙር ለመጨረስ 200 እርምጃ ይራመዳል፤ እያንዳንዱም እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። በውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። ጅረቱ በእነዚህ በተራ፣ አቅጣጫውንም እየለወጠ ሲያልፍ በመካከል ያለው ማግኔት እየተከተለ ይዞራል። እርምጃውን የሚቈጥር ካለ ዘንጉ የት እንደ ደረሰ ያለ ሌላ መለኪያ ይታወቃል። በፕሪንተር ውስጥ ወረቀቱን የሚስበው፣ በሆስፒታል በሲሪንጅ ፓምፕ ውስጥ መድኃኒቱን በልክ የሚገፋው ይኸው ሞተር ነው።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማይክሮኮንትሮለር ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። በቤተ ሙከራችን ያለው አርዱዪኖ ኡኖ ከአንዱ እግሩ ቢሰጥ የሚመከረው 20 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ 40 የመጨረሻው ወሰኑ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይበላሻል። ትንሹ ሞተር እንኳ በአንድ ጥቅል 80 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል ቺፕ ይገባል፤ ትእዛዙን ከደካማው ተቀብሎ ጉልበቱን ከፓወር ሰፕላዩ የሚያቀብል ማለት ነው። ሞተሩን ከዚህ ቺፕ ጋር ማገናኘት ነው እንግዲህ የሙከራው ሥራ።

የመጀመሪያው ሙከራ 28ቢዋይጄ-48 በሚባለው ትንሽ ሞተርና ዩኤልኤን2003 በሚባለው ቺፕ ነው። ሞተሩ አምስት ሽቦ አለው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ብርቱካን። ቺፑ ተሠርቶ ባለቀ ቦርድ ላይ ተበይዶ ነው የሚሰጠን። የሚታደለን ወረቀት ሶኬቱን ሰካ፣ አራቱን ሽቦ ከአርዱዪኖው ጋር አገናኝ፣ ፕሮግራሙን ጫን፣ መዞር አለመዞሩን ጻፍ ይላል። ማርኩም የሚሰጠው ለዞረው ነው።

የአራቱ ሽቦዎች ተራ ከተሳሳተ ሞተሩ አይዞርም፤ ባለበት እየተንቀጠቀጠ ንብ እንደ ገባበት ቆርቆሮ ይጮሃል። ታዲያ ተማሪው ምን ያደርጋል? ሽቦዎቹን እያቀያየረ ይሞክራል። እስቲ እንቍጠር። አንዱን ሽቦ ባለበት ትተን ሦስቱን ብናቀያይር ስድስት ዓይነት ተራ ይወጣል። ከስድስቱ ሁለቱ ሞተሩን ያዞሩታል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። አራቱ ያንቀጠቅጡታል። እንግዲህ ምንም ሳያውቅ በጭፍን የሰካ ተማሪ ከሦስት ጊዜ አንዱን ሙሉ ማርክ ያገኛል ማለት ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ የሞከረማ አያጣውም። ለዞረ ብቻ ማርክ የሚሰጥ ፈተና ዕጣ ከማውጣት በምን እንደሚለይ የሚነግረን መምህር ቢገኝ እናመሰግናለን።

በቴስተር የሚሠራ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው። በ5 ቮልቱ ሞተር ከቀዩ ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሲለካ 50 ኦም ያህል ያገኛል፤ ከቀዩ ውጭ በማናቸውም ሁለት ሽቦዎች መካከል ሲለካ ደግሞ እጥፉን፣ 100 ያህል። ከዚህም ቀዩ የሁሉ መገናኛ መሆኑን ቀለሙን ሳያይ ያውቃል። የቀሩትን የአራቱን ተራ ቴስተሩ አይነግረውም፤ ሁሉም በቀዩ በኩል ስለሚገናኙ ልኩ አንድ ነው። መለኪያው የት ላይ ዝም እንደሚል ማወቅም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው። ከዚያም 5 ቮልት ሲሰጥ ቺፑ 1 ቮልት ገደማ ለራሱ ያስቀራል፤ የቀረው 4 ቮልት ለ50 ኦም ሲካፈል 80 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ሁለት ጥቅሎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ 160። ይህን ጅረት ከአርዱዪኖው እግር መጠየቅ ለምን እንደማይቻል፣ በአንድ መሥመር እስከ 500 ሚሊ አምፔር የሚችለው ቺፕ ግን ለምን እንደማይጨነቅ በሁለት መሥመር ሒሳብ ተፈጸመ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው የኦም ሕግ ይኸው ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሁላችንም እንጽፈዋለን፤ በጠረጴዛው ላይ ግን የሚጠይቀን የለም።

ዩኤልኤን2003ን ራቁቱን በእጁ ይዞ የሚያውቅ ተማሪም ከመካከላችን ጥቂት ነው። አሥራ ስድስት እግር አለው፤ ሰባቱ መግቢያ፣ ሰባቱ መውጫ ናቸው፤ ስምንተኛው ከፓወር ሰፕላዩ ኔጋቲቭ ጋር፣ ዘጠነኛው ከሞተሩ ፖዘቲቭ ጋር ይታሰራል። በዘጠነኛው እግር ላይ ጥቂት እንቈይ። ጥቅል ሽቦ በውስጡ ሲያልፍ የነበረው ጅረት በድንገት ሲቋረጥበት እሺ አይልም፤ ጅረቱን ለማስቀጠል ከምንጩ እጅግ የበለጠ ቮልቴጅ በቅጽበት ያወጣል። ይህ ቮልቴጅ መሄጃ ካጣ የሚበሳው ቺፑን ነው። መሄጃው በቺፑ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ናቸው፤ እነርሱም የሚያገለግሉት ዘጠነኛው እግር ሲታሰር ነው። ተሠርቶ ባለቀው ቦርድ ላይ ይህ እግር አስቀድሞ ታስሮ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው እግሩ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይመረቃል፤ ፋብሪካው ዐውቆለታልና። ቺፑ ለብቻው ሲገዛ ከተሠራው ቦርድ ያነሰ ዋጋ ያለው መሆኑን ደግሞ የግዢ ክፍሉ ሊያስብበት ይገባል።

ሁለተኛው ሙከራ ከበድ ይላል፤ ክፍያውም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞተሩ ኔማ 17 የሚባለው፣ ፊቱ 42 ሚሊ ሜትር በ42 ገደማ የሆነ፣ አራት ሽቦ ያለው ነው፤ ቺፑ ኤ4988 ነው። እዚህ ላይ የቀለሙ ነገር ይብሳል፤ ፋብሪካዎች በቀለም አልተስማሙምና የአንዱ ሞተር ሥዕል ለሌላው አይሠራም። መፍትሔው ግን ከመጀመሪያው ሙከራ ይልቅ የቀለለ ነው። አራቱ ሽቦዎች የሁለት ጥቅሎች ጫፎች ናቸው፤ በአንድ ጥቅል ሁለት ጫፎች መካከል ቴስተሩ ጥቂት ኦም ያሳያል፤ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ሲለካ ምንም አያሳይም። ቴስተር ከሌለም ችግር የለም። ሞተሩን ከሁሉ ነገር አላቅቆ ሁለት ሽቦዎችን በጣት አነካክቶ ይዞ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው፤ ዘንጉ ከበፊቱ ይልቅ እምቢ ካለ ሁለቱ ሽቦዎች የአንድ ጥቅል ናቸው። ምክንያቱም የሚዞረው ማግኔት በተዘጋው ጥቅል ውስጥ ጅረት ያመነጫል፤ ያም ጅረት መልሶ ማግኔቱን ይይዘዋል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር የደረሰበትን ነገር ተማሪው በጣቱ ይዞ ያየዋል። አንዲት ሳንቲም አትወጣበትም፤ የሚቃጠልም የለም። ይህ ግን በወረቀቱ ላይ የለም።

በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቍጥር ነው። ኤ4988 ለሞተሩ የሚያሳልፈውን ጅረት የምትወስነው በቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ዟሪ ብሎን ናት። ብሎኗን በካቻቪቴ እያዞሩ አንድ ቮልቴጅ ይለካል። ያን ቮልቴጅ፣ 8 በቦርዱ ላይ ባለው የመለኪያ ሬዚስተር ተባዝቶ ለሚገኘው ብናካፍለው የጅረቱ ወሰን ይወጣል። ወረቀቱ ቀመሩን ትቶ «0.8 ቮልት ላይ አድርሱ» ይላል። ሬዚስተሩ 0.1 ኦም በሆነበት ቦርድ 0.8 ቮልት ማለት 1 አምፔር ነው፤ መልካም። በገበያ የሚገኝ፣ መልኩ ከዚህ የማይለይ ሌላ ቦርድ ግን ሬዚስተሩ 0.05 ኦም ነው፤ በዚህኛው ያው 0.8 ቮልት 2 አምፔር ይሆናል፤ ያለ ማቀዝቀዣ ቦርዱ በደኅና የሚሸከመው ግን 1 አምፔር ገደማ ነው። ሁለቱን ቦርዶች የሚለየው በሬዚስተሩ ጀርባ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው አር100 ወይም አር050 የሚለው ነው። ቺፑ ሲግል ራሱን የሚዘጋበት መከላከያ ስላለው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ እየዘጋና እየከፈተ ሞተሩን ያነክሰዋል እንጂ። ሞተሩ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም።

ዲአርቪ8825 የሚባል ሌላ ቦርድም አለ፤ በዚያው ሶኬት ይገባል። በእርሱ ቀመር ውስጥ በ8 ፈንታ 5 ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ያው 0.8 ቮልት በ0.1 ኦም 1.6 አምፔር ይሆናል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ብሎኗ በተለመዱት ቦርዶች ላይ በወዲያኛው ጫፍ ናት። አቅጣጫውን በብሎኗ የለመደ ተማሪ ገልብጦ ይሰካዋል፤ 12 ቮልቱም በማይገባው እግር ይገባል። ጢስ ያየነው በዚህ ነው።

በቅርቡ አንድ ጓደኛችን የከፈለበት ምክንያት ግን ከሁሉ የባሰ ነው። ወረቀቱ በሦስተኛው ተራ «የአንዱን ጥቅል ሁለት ሽቦዎች አቀያይራችሁ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲዞር ተመልከቱ» ይላል። አስቀድማችሁ ኃይሉን አጥፉ አይልም። ጓደኛችንም እንደ ታዘዘው አደረገ። ኤ4988 ኃይል እያለ የሞተር ሽቦ ሲነቀልበት እንደሚሞት ቦርዱን የሚሸጡት ሁሉ በማስጠንቀቂያ የሚጽፉት ነገር ነው፤ ስለ ዘጠነኛው እግር ከተናገርነው ነገር ጋር ዘመዳማ ነው። ቺፑ ሞተ፤ ጓደኛችን ከፈለ፤ ወረቀቱ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላው ቡድን እንዳለ ታደለ። ትእዛዝ የፈጸመ ሰው ዕዳ ሲከፍል፣ ትእዛዙን የጻፈው ሳይጠየቅ ሲቀር፣ ይህን የሕግ ክፍል ጓደኞቻችን በምን ስም እንደሚጠሩት እንጠይቃቸዋለን።

ስለ ጥያቄ ካነሣን አይቀር፣ በዚሁ ሙከራ አንዲት እኅታችን የጠየቀችውን እንጻፍ። ሞተሩ ላይ 2.8 ቮልት፣ 1.68 አምፔር ተብሎ ተጽፎአል፤ እኛ ደግሞ 12 ቮልት እንሰጠዋለን፤ ለምን አይቃጠልም? አለች። የተሰጣት መልስ «ድራይቨሩ ያውቃል» የሚል ነበር። እኛ በጓደኛ ወግ እንመልስላት። 2.8ን ለ1.68 ብናካፍል ጥቅሉ 1.7 ኦም ገደማ መሆኑ ይታያል፤ 12 ቮልት በቀጥታ ቢሰጠው 7 አምፔር ባለፈበትና በተቃጠለ ነበር። ቺፑ ግን ጅረቱን በዚያች ትንሽ ሬዚስተር በኩል እያየ፣ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል፤ ሲቀንስ ይከፍተዋል፤ ይህንንም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ያደርጋል። ትልቁ ቮልቴጅ የሚጠቅመው ጅረቱ ቶሎ እንዲወጣ ነው፤ ጅረቱ ቶሎ ካልወጣ ሞተሩ በፍጥነት ሲታዘዝ እርምጃ ይስታል። ይህን የጠየቀች ተማሪ የዚያን ቀን ሥራዋ ሪፖርት መጻፍ ነበረ። ማርክ ለመጠየቅ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ከቡድኑ አንደኛ በወጣች ነበር።

መምህራኖቻችን የሚሉትን ሳንሰማ የቀረን አይምሰላቸው። ተማሪው ብዙ ነው፤ ሰዓቱ ሦስት ነው፤ ዕቃው ጥቂት ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ጥቅል መለካትና የሬዚስተር ጽሑፍ ማንበብ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ የሚያጠፋውም ዕቃ የለም። እንዲያውም የሚያጠፋው አለመለካቱ ነው። ለልምምድ የሚሆን ሞተርም አልጠፋም። በዕቃ ግምጃ ቤት ጀርባ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅባቸው አሮጌ ፕሪንተሮች ተቈልለዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ስቴፐር ሞተር ይገኛል። ሥዕል የላቸውም፤ የቀለም ወረቀት የላቸውም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈልጉን። በእነዚህ ላይ ጥቅል መፈለግ የተማረ ሰው፣ ነገ በሆስፒታል የቆመ ሲሪንጅ ፓምፕ ከፊቱ ሲቀርብ የት እንደሚጀምር ያውቃል። በቀለም የተማረው ግን የፓምፑን ክዳን ከፍቶ አራት ግራጫ ሽቦዎች ቢያገኝ መልሶ ይዘጋዋል።

ሌላም መልስ ሰምተናል፤ ሥዕሉ ሁሉ በኢንተርኔት አለ፣ ዛሬማ የተጠየቀውን የሚሥል ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አለ የሚል። አለ። እኛም እንጠቀምበታለን። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ቦርድ አር050 ይሁን አር100 ግን ጐንበስ ብሎ ከሚያነብ ሰው በቀር የሚያይ የለም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሉ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ኃይል ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ የመለኪያ ቅጽ ይሙላ፤ ጥቅሎቹ የትኞቹ ጫፎች እንደ ሆኑ፣ ስንት ኦም እንደ ለካ፣ የሬዚስተሩ ጽሑፍ ምን እንደሚል፣ ከቀመሩ ያገኘው ቮልቴጅ ስንት እንደ ሆነ፣ 100 ማይክሮፋራዱ ካፓሲተር በሞተሩ ኃይል ላይ መታሰሩን ጽፎ ለረዳት መምህሩ ያሳይ፤ ረዳት መምህሩም ይፈርምበት። ፊርማ ያለው ቅጽ ይዞ የተቃጠለበት አይክፈል። ያለ ቅጽ ኃይል የከፈተ ይክፈል፤ በዚህ አንከራከርም። የማርኩ እኩሌታ ለቅጹ ይሁን። ሪፖርት ጻፊነትም በየሳምንቱ ይዙር፤ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሽቦ ሳይነካ የሚወጣ ተማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አይኑር። ካለፈው ዓመት ሪፖርት ቀድተው የሚያቀርቡ አንዳንድ ተማሪዎች ይህ ቅጽ እንደማይስማማቸው እናውቃለን፤ የሌላ ሰው ሞተር ኦም መገልበጥ አይመችምና።

የቅጹን ረቂቅ አዘጋጅተን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ የጐደለውን በእርሳስ ጻፉበት። ሁለት ቴስተሮችም በዚያው ስላሉ መታወቂያ አስይዞ ለአንድ ቀን መዋስ ይቻላል። አሮጌዎቹ ፕሪንተሮች ለልምምድ እንዲሰጡን ለንብረት ክፍል ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልሱ እንደ ደረሰን በዚሁ ጋዜጣ እናወጣዋለን። ካቻቪቴ ያለው ይዞ ይምጣ።